ስለ ካፕሱል ሽጉጥ ቅጂና ስለ ቅኝቱ

በገናም ሆነ ክራር፥ እንጨቱ ቢያምር ጅማቱም ቢጠነክር፥ ካልተቃኘ በቀር የሚሰጠው ድምፅ እንጂ ዜማ አይደለም። እንግሊዝኛ የሚናገሩ ነፍጥ ሠሪዎች የአንድን ሽጉጥ የውስጥ ዕቃ አንድ በአንድ መርምረው እያንዳንዱ ክፍል በጊዜውና በቦታው እንዲንቀሳቀስ ማስማማታቸውን የሚጠሩበት ቃል ከዚሁ ከዜማ መሣሪያ የተወሰደ ነው። ስለዚህ እኛም በአማርኛ «ቅኝት» ብንለው ከነገሩ የራቅን አይመስለንም። ከዚህ ቀጥሎ የምንገልጸው በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ የጥንት ነፍጥ ወዳጆች በኢጣልያ የሚሠራውን የካፕሱል ሽጉጥ ቅጂ ለባለሙያ ሰጥተው ስለሚያስቃኙበት ልማድ ነው። ነገሩ ላዩን ለሚመለከተው ሰው ጨዋታ ይምሰል እንጂ፥ በውስጡ የእጅ ጥበብና የፋብሪካ ሥራ ክርክር አለበት፤ የተኳሹም የጣቱና የዓይኑ ደኅንነት አለበት። ዓመታቱን፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ የጻፍነው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ የመሣሪያው ጠባይ ሊታወቅ ይገባል። በአገራችን ሰው አፍ በሠሪው ስም «ኮልት» እየተባለ የሚጠራው ሪቮልቨር፥ ዛሬ በምናውቀው መልኩ፥ ቀለህ ያለው ጥይት ከኋላ ይጐርሳል። ከዚያ በፊት የነበረው ግን ቀለህ አያውቅም። ብዙውን ጊዜ ስድስት ጓዳዎች ያሉበት አንድ ክብ ብረት አለው፤ ይህን «ከበሮ» እንበለው። ተኳሹ በእያንዳንዱ ጓዳ ከፊት በኩል የተለካ ጥቁር ባሩድ ይጨምራል፤ በላዩ ድቡልቡል አረር ያስቀምጣል፤ ከአፈሙዙ ሥር በተገጠመው መጠቅጠቂያ ተጭኖ ያስገባዋል። አረሩ ከጓዳው አፍ በጥቂቱ ስለሚሰፋ፥ ሲገባ ቀጭን የእርሳስ ቀለበት ከዙሪያው ተልጦ ይወድቃል፤ ይህም ጓዳው በሚገባ መዘጋቱን ያሳያል። ከከበሮው በስተኋላ በእያንዳንዱ ጓዳ ትይዩ፥ ጡት የሚመስል፥ መካከሉ የተበሳ ትንሽ ብረት ቆሟል፤ በእርሱ ላይ ካፕሱል የሚባለው፥ በውስጡ በምት የሚነድ ቅመም ያለበት፥ ከመዳብ የተሠራ ትንሽ ቆብ ይደፋበታል። ምላጩ ሲሳብ ቃታው ወርዶ ቆቡን ይመታዋል፤ እሳቱም በጡቱ ቀዳዳ አልፎ ባሩዱን ያቀጣጥላል። ምላጭና ቃታ በሰው አነጋገር ስለሚለዋወጡ፥ በዚህ ጽሑፍ ምላጭ ስንል በሌባ ጣት የሚሳበውን፥ ቃታ ስንል ደግሞ በአውራ ጣት ወደ ኋላ ተስቦ እንደ መዶሻ የሚወርደውን ማለታችን ነው።

የዚህ ሽጉጥ ታሪክ ከሳሙኤል ኮልት ስም ጋር የተያያዘ ነው። ኮልት በ1836 በአሜሪካ የፈጠራ መብቱን ካስመዘገበ በኋላ በኒው ጀርሲ በፓተርሰን ከተማ የተቋቋመው ኩባንያ በ1842 ከሰረ፤ ነገር ግን አሜሪካ ከሜክሲኮ ጋር በተዋጋችበት ጊዜ፥ በ1847፥ መንግሥት ዎከር የተባለውን ትልቅ ሽጉጥ ስላዘዘው ሥራው እንደ ገና አንሠራራ። ከዚያ ባለ 36 ካሊበሩ የ1851 «ኔቪ»፥ ባለ 44 ካሊበሩ የ1860 «አርሚ» ተከታትለው ወጡ፤ ከኔቪው ብቻ በሃርትፎርድ ፋብሪካ ከ200 ሺህ በላይ ተሠርቷል። ተወዳዳሪው ሬሚንግተን በ1858 በተመዘገበ የፈጠራ መብት የተሠራ ሲሆን፥ በከበሮው ላይ የሚያልፍ የብረት ድልድይ ስላለው አካሉ አንድ ወጥ ነው፤ የኮልት ግን ላዩ ክፍት ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ ከዚህ በታች እንመለስበታለንና። ከኋላ የሚጐርሰውን ከበሮ የያዘው የሮሊን ኋይት መብት በ1869 ሲያበቃና ኮልትም በ1873 ባለ ቀለሁን ሽጉጡን ሲያወጣ፥ የካፕሱል ዘመን አለፈ። ከንግሥት ቪክቶሪያ የተበረከተላቸውና ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር በመቅደላ ሕይወታቸውን ያሳለፉበት ሽጉጥ ወደዚህ ምድር የመጣው በዚያው በካፕሱል ዘመን ነበር።

ሰማንያ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ይህ የሞተ ዕቃ ተነሣ። የተነሣበትም ስፍራ ሃርትፎርድ ሳይሆን ኢጣልያ ነው። ከብሬሻ ከተማ በስተሰሜን ያለው የትሮምፒያ ሸለቆ ብረትና ውሃ የሞላበት በመሆኑ ከጥንት ጀምሮ የነፍጥ ሠሪዎች መንደር ነው፤ የቤሬታ ቤት በ1526 ለቬኒስ የጦር ዕቃ ግምጃ ቤት 185 አፈሙዞች እንዳስረከበ የሚመሰክር ሰነድ ዛሬም አለ። በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ቫል ፎርጌት የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ፥ የአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት መቶኛ ዓመት መቃረቡን ተመልክቶ፥ በዚሁ ሸለቆ በጋርዶኔ ከተማ ከቪቶሪዮ ግሬጎሬሊና ከአልዶ ኡቤርቲ ጋር ተስማማና የ1851ዱን ኔቪ ቅጂ አሠራ። ከ1961 እስከ 1965 መታሰቢያው በተከበረበት ጊዜ የድሮውን ልብስ ለብሶ የድሮውን ጦርነት የሚያሳየው ሰው ብዙ ስለ ነበረ ገበያው ደራ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አውራጃ የሚሠራው ቅጂ ቍጥሩ ከፍ ያለ ነው። እያንዳንዱም በጋርዶኔ ባለው ብሔራዊ የመሣሪያ መፈተኛ ቤት ተፈትኖ ማኅተም ይመታበታል፤ በትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ ያሉት ፊደሎች የተፈተነበትን ዓመት ይነግራሉ፤ ፒና ኤን የተባሉት ሁለት የላቲን ፊደሎች ደግሞ ለጥቁር ባሩድ ብቻ መሆኑን ያስታውቃሉ። ጭስ በሌለው በዛሬው ባሩድ የሞላው ሰው ከበሮውን ያፈነዳዋልና ይህን ማኅተም መናቅ አይገባም።

እንግዲህ አዲስ የተገዛ ዕቃ ስለ ምን ወደ ባለሙያ ይሄዳል? ይህ ጥያቄ ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለናል። ኮልት በመኪና የተሠሩ፥ እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ክፍሎችን በማብዛቱ የተመሰገነ ሰው ነው፤ ይሁን እንጂ በፋብሪካው መጨረሻ ላይ ሞረድ የያዘ ሠራተኛ ነበረ፤ እርሱም መኪናው የተወውን የፀጕር ውፍረት ያህል ትርፍ እየሞረደ አንዱን ክፍል ከሌላው ጋር ያጋባ ነበር። የዛሬው ቅጂ በመኪና ልኬት ከጥንቱ አያንስም፤ ብረቱም ይሻላል። የጐደለው ያ የመጨረሻው ሞረድ ነው። የአንድ ጥሩ ሠራተኛ የብዙ ሰዓት ደመወዝ በእያንዳንዱ ሽጉጥ ላይ ቢጨመር፥ ዕቃው በርካሽ የሚፈልገውን ገዢ ያጣል። ስለዚህ ፋብሪካው ሥራውን ከዐሥር ዘጠኙን ፈጽሞ ይሸጠዋል፤ ዐሥረኛውን ገዢው ከፈለገ ራሱ ከፍሎ ያስፈጽመዋል። ቅኝት የምንለው ይህን ዐሥረኛ እጅ ነው።

ባለሙያው አስቀድሞ የሚመለከተው፥ ሽጉጡ የኮልት ዓይነት ከሆነ፥ እንዝርቱንና ሽብልቁን ነው። ላዩ ክፍት በሆነው በኮልት፥ ከአካሉ ወደ ፊት የወጣ ወፍራም እንዝርት አለ፤ ከበሮው በእርሱ ላይ ይሽከረከራል፤ የእንዝርቱም ጫፍ በአፈሙዙ ሥር ወዳለው ጕድጓድ ይገባል፤ ከጐን የሚመታ ሽብልቅ ሁለቱን አቋርጦ ያጣብቃቸዋል። በጥንቱ አሠራር የእንዝርቱ ጫፍ የጕድጓዱን መጨረሻ ይነካል፤ ስለዚህ ሽብልቁ የቱንም ያህል ቢመታ አፈሙዙ ካለበት ወደ ኋላ አይሄድም። በአንዳንድ ቅጂዎች ግን እንዝርቱ አጥሮ ከመጨረሻው አይደርስም። ያን ጊዜ ሽብልቁን ያጠበቀ ሰው አፈሙዙን ወደ ከበሮው ይስበዋል፤ ታችኛው ክፍል በአካሉ ስለሚደገፍም አፈሙዙ ከላይ ያዘነብላል፤ ከበሮው ታንቆ አይዞርም። ያላላው ሰው ደግሞ ክፍተቱ ሰፍቶ ነበልባሉ በጐን ይወጣበታል፤ በተኰሰም ቍጥር ብረቱ ብረቱን እየመታ ቀዳዳው ይሰፋል። ባለቤቱ ምክንያቱን ሳያውቅ አንድ ቀን ያጠብቃል፥ አንድ ቀን ያላላል፤ ሽጉጡም በየቀኑ ሌላ ሽጉጥ ይሆንበታል።

ይህን ጕድለት ለመለየት የሚደረገው ፈተና ቀላል ነው፤ እኛም ባየነው ጊዜ ተደንቀናል። ከበሮው ይወጣል፤ አፈሙዙ ትንሽ በጐን ተዙሮ፥ ታችኛው ክፍሉ ከአካሉ አጠገብ እንዲያልፍ ሆኖ፥ እስኪቆም ድረስ በእንዝርቱ ላይ ይገፋል። እንዝርቱ ልክ ከሆነ የሁለቱ ብረቶች ፊት በአንድ መስመር ይገጥማል፤ ካጠረ ግን አፈሙዙ ከአካሉ አልፎ ወደ ኋላ ይገባል፤ የገባበትም ልክ የጐደለው ልክ ነው። መድኃኒቱም በዚያው መጠን የተሠራ የብረት ቁራጭ በጕድጓዱ መጨረሻ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ ወዲያ በከበሮውና በአፈሙዙ መካከል የሚቀረው ክፍተት የሚሊሜትር ዐሥረኛ ያህል እንዲሆን ይደረጋል፤ ሽብልቁም በተመታ ቍጥር ክፍተቱ ያው ይሆናል። ሬሚንግተን የብረት ድልድይ ስላለው ይህ ሁሉ አይነካውም፤ ነገር ግን እንዝርቱ ቀጭን ስለሆነ የባሩዱ ጥላሸት ቶሎ ያንቀዋል። ያለ ነቀፋ የተፈጠረ የለም።

ሁለተኛው የጊዜ ነገር ነው፤ ቅኝት የሚለው ስምም ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው ለዚህ ነው። አውራ ጣት ቃታውን መሳብ ሲጀምር፥ ከታች ሆኖ ከበሮውን የያዘው መወርወሪያ ከስርጉዱ ይወጣል፤ ባለሙያዎቹ «እጅ» የሚሉት ቀጭን ብረት ተነሥቶ የከበሮውን ጥርስ ይገፋል፤ ከበሮውም ይዞራል። ቀጣዩ ጓዳ ከአፈሙዙ ጋር ሊገጥም ጥቂት ሲቀረው መወርወሪያው ተለቆ ወደ አዲሱ ስርጉድ ይወድቃል፤ ምላጩም በቃታው የመጨረሻ ጥርስ ይይዛል። እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ ቅጽበት መሆን አለባቸው። መወርወሪያው ከዘገየ ቃታው ተስቦ ሳለ ከበሮው አልተቈለፈም፤ በዚያ ጊዜ ቢተኰስ አረሩ ወደ አፈሙዙ በጠማማ ገብቶ እርሳሱ በጐን ይረጫል። ከፈጠነ ደግሞ ጊዜው ሳይደርስ በከበሮው ላይ እየተሳበ ዙሪያውን የሚያስቀይም ቀለበት ይቀርጽበታል። «እጁ» ረዝሞ እንደ ሆነ ከበሮው ከተቈለፈ በኋላ ደግሞ ይገፋዋል፤ ደካማው ክፍል እስኪሰበር ድረስ። አዋቂው ባለሙያ ሽጉጡን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ቃታውን ቀስ ብሎ ይስባል፤ ድምፁ ብቻ የትኛው እንደ ዘገየ ይነግረዋል። ሞረዱም ፈሪ መሆን አለበት፤ የረዘመውን መቀነስ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ያጠረውን ማስረዘም ግን ቀጥቅጦ መዘርጋት፥ አለዚያም መበየድ ይጠይቃል።

በዚሁ አንቀጽ ስለ ምላጩ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። ሰው ሁሉ ምላጩ እንዲለሰልስለት ይፈልጋል። የቃታው ጥርስ ግን ላዩ ብቻ በእሳት የጠነከረ፥ ውስጡ ለስላሳ ብረት ሊሆን ይችላል። ቤቱ ተቀምጦ በመሳያ ድንጋይ የሚያሻሽ ያልሠለጠነ ሰው ጠንካራውን ቅርፊት ከገፈፈው፥ ለጥቂት ቀን ደስ የሚል ምላጭ ያገኛል፤ ከዚያ ጥርሱ ይበላና ቃታው ሳይነኩት ይወርዳል። ወደ ባለሙያ ከሚመጡት ሽጉጦች ጥቂት የማይባሉት ከፋብሪካ ሳይሆን ከእንዲህ ያለ እጅ የተበላሹ ናቸው።

ሦስተኛው ችግር የካፕሱሉ ስብርባሪ ነው። ቆቡ ሲፈነዳ ይቀደዳል፤ ቃታው ወደ ኋላ ሲሳብ ቍራጩ በጡቱ ላይ በመቅረት ፈንታ ከቃታው ጋር ይወጣና በቃታው መንገድ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ከዚያ ወዲያ ሽጉጡ አይዘጋም ወይም አይከፈትም። አንድ ወዳጃችን በቨርጂኒያ አዲስ ቅጂ ገዝቶ ወደ ተኵስ ሜዳ በወሰደው ቀን ሦስተኛው ተኵስ ላይ እንዲህ ሆነበት፤ ሦስት ጓዳ ባሩድ እንደ ሞላ፥ ቃታው ግማሽ መንገድ ላይ እንደ ቆመ፥ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ ካቻቢቴ የሚያመጣለት ሰው ጠበቀ። «ጦርነት ቢሆን ኖሮ» አለን፥ «ታሪኬ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር»። የዚህ ነገር ምክንያቶች ብዙ ናቸው። የጡቱ ቅርጽ ለካፕሱሉ ልክ ካልሆነ ቆቡ በሚገባ አይቀመጥም፤ ቀዳዳው ከሰፋ የባሩዱ ግፊት ወደ ኋላ ይመለስና ቃታውን ያነሣዋል፤ የቃታውን ሞላ ከመጠን በላይ ያሳሱት ከሆነም እንዲሁ ነው። በኮልት ቃታ ፊት ላይ ለጥንቃቄ የተቀረጸው ጐድጓዳ መስመር ደግሞ የተቀደደውን ቆብ ይነክሳል። ባለሙያው ልኩን የጠበቀ ጡት ይለውጣል፤ መስመሩን ይሞላዋል ወይም ጠርዙን ያለሰልሰዋል፤ አንዳንዱም በአካሉ ላይ፥ በቃታው መንገድ፥ ቆቡን ጠርጎ የሚያስቀር ትንሽ የብረት ዘንግ ይተክላል።

ልቅ የሆነ ካፕሱል ሌላም ፍርሃት ያመጣል። አንዱ ጓዳ ሲተኰስ እሳቱ ወደ ጎረቤቱ ተሻግሮ ሁለት ወይም ሦስት ጓዳ በአንድነት የሚፈነዳበት ጊዜ አለ። እሳቱ ከፊት በአረሩ ዙሪያ ይገባል የሚሉ አሉ፤ ከኋላ ካፕሱሉ በወደቀበት ጡት ይገባል የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። ጥንቁቅ ተኳሽ ሁለቱንም በር ይዘጋል፤ በአረሩ ላይ ሞራና ሰም ይቀባል፥ ወይም ከሥሩ በቅባት የተነከረ ክብ ሱፍ ያኖራል፤ ከኋላም ለጡቱ የሚጠብቅ ካፕሱል ይመርጣል።

ስለ ሞላዎች ብዙ አንናገርም። የምላጩና የመወርወሪያው ሞላ እንደ ሹካ የተሰነጠቀ ጠፍጣፋ ብረት ስለሆነ ከአንዱ ወገን መሰበር ልማዱ ነው፤ ብዙዎች በክብ ሽቦ በተሠራ ይተኩታል።

የአፈሙዙና የጓዳው ልክ ግን በዒላማ ለሚወዳደር ሰው ትልቅ ነገር ነው። አረሩ ወደ ጓዳ ሲገባ የጓዳውን ልክ ይይዛል። በብዙ ባለ 44 ቅጂ ጓዳው ከአፈሙዙ ጠምዛዛ ቦዮች ልክ ይጠብባል፤ ስለዚህ ጠቦ የወጣው አረር ሰፊውን አፈሙዝ ሳይሞላ ያልፋል፤ ቦዮቹም በሚገባ አያሽከረክሩትም። ባለሙያው ስድስቱን ጓዳዎች እኩል አስፍቶ ከቦዮቹ ልክ ጋር ያስማማል። ማነጣጠሪያውም የራሱ ነገር አለው፤ በኮልት የኋላው ማነጣጠሪያ በቃታው ራስ ላይ የተቀረጸ ስርጉድ ነው፤ በቅርብ ርቀት ሲተኰስ አረሩ ከታሰበው በላይ ይመታል። ከፍ ያለ የፊት ማነጣጠሪያ ይተከልለታል፤ ከዚያም ባለቤቱ ራሱ በተኵስ ሜዳ እየሞረደ ወደ ልኩ ያወርደዋል፤ የእያንዳንዱ ሰው ዓይንና አያያዝ የተለያየ ነውና ይህን ባለሙያው ሊሠራለት አይችልም።

በባለቤትና በባለሙያ መካከል ያለው ግንኙነት ለሥነ ሕዝብ ተመልካች ደስ የሚያሰኝ ነው። በዚህ ሥራ የተካኑት ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም በትንሽ ሱቅ ሞርሳቸውን ተክለው ብቻቸውን የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ተራው ይረዝማል፤ ወራት መጠበቅ የተለመደ ነው። ዋጋውም አንዳንድ ጊዜ ከሽጉጡ ዋጋ ጋር ይስተካከላል፤ ስለዚህ የባለቤቱ ሚስት ወይም ጎረቤት «ሁለት በገዛህበት» ሲሉት ይሰማል። ጥሩ ባለሙያ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል፤ «ምን ልታደርግበት ነው?» ለዒላማ ውድድር የሚሆነው ቅኝት አንድ ነው፤ በፈረስ ላይ ሆኖ ለሚያሳይ ሰው የሚሆነው ሌላ ነው፤ ግድግዳ ላይ ለሚሰቅለው ሰው ደግሞ «ገንዘብህን ይዘህ ሂድ» የሚሉ እውነተኞች አሉ።

ትልቁ ክርክር ግን የእውነተኛነት ነው። በ1971 የተቋቋመው ኤምላይክ የተባለው ዓለም አቀፍ የአፈ ሙዝ ጐራሽ ነፍጥ ተኳሾች ማኅበር የጥንቱን ዕቃና ቅጂውን በየክፍላቸው ያወዳድራል፤ ተኳሹ በሠላሳ ደቂቃ ዐሥራ ሦስት ጊዜ ይተኵሳል፥ ዐሥሩ የተሻሉት ይቈጠሩለታል። ቅጂው ግን መልኩና አሠራሩ ከጥንቱ እንዳይለይ ይጠየቃል። ስለዚህ አንዳንዱ፥ ክብ ሽቦ ሞላና በአካሉ ላይ የተተከለ ዘንግ ያለው ሽጉጥ የ1851 ኔቪ መባሉ ቀርቷል ይላል። ሌላው ደግሞ፥ የጥንቱ ወታደር ይህን ቢያገኝ ኖሮ በደስታ ይቀበለው ነበር ብሎ ይመልሳል። እኛ እንደሚመስለን ሁለቱ ሥራዎች ሊለዩ ይገባል። እንዝርቱን ማድረስ፥ መወርወሪያውን ማስማማት፥ ጓዳውን ከአፈሙዙ ጋር ማስተካከል አዲስ ነገር መጨመር አይደለም፤ የሃርትፎርዱ ሞረድ ያዥ ያደርገው የነበረውን መፈጸም ነው፤ እንዲህ የተቃኘ ቅጂ ካልተቃኘው ይልቅ ለጥንቱ ይቀርባል። የሽቦው ሞላና ዘንጉ ግን የእኛ ዘመን ሐሳብ ናቸው፤ የሚያስገባቸው ሰው አውቆ ያስገባቸው። በጥንቱ በእውነተኛው ኮልት ላይ እንዲህ ያለ ነገር መትከል ግን ጥፋት ነው፤ የተሞረደው ብረት አይመለስምና። ቅጂው መኖሩ ራሱ የጠቀመው አንዱ ነገር፥ ጥንታዊው በሣጥኑ እንዲያርፍ ማስቻሉ ነው።

ሽጉጡ ተቃኝቶ ሲመለስ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያደርገው ባዶውን መፈተን ነው፤ ቃታውን አንድ ጊዜ በፍጥነት፥ አንድ ጊዜ እጅግ በቀስታ ስቦ ስድስቱም ጓዳዎች በየተራቸው መቈለፋቸውን ያያል። በፍጥነት ሲሳብ ከበሮው በራሱ ግፊት ስለሚዞር ጕድለቱ ይሸሸጋል፤ ቀስታው ግን ያጋልጠዋል። ከዚያ በሜዳ ሙሉ ስድስቱን ሳይሞላ አንድ ጓዳ፥ ቀጥሎ ሁለት፥ ቀጥሎ ሌላውን ይሞክራል። ለባለ 36ቱ ከ20 እስከ 25 ግሬን፥ ይኸውም ከ1.3 እስከ 1.6 ግራም ያህል፥ ጥቁር ባሩድ ይበቃዋል። ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስም ሽብልቁን አውጥቶ አፈሙዙንና ከበሮውን በሙቅ ውሃ ያጥባል፤ ያደርቃል፤ ቅባት ይቀባል። የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት ስለሚስብ፥ እስከ ነገ ቢተወው የከፈለበት ቅኝት በዝገት መበላት ይጀምራል።